ከሁለት ኪሎ በላይ አይጫንበትም

«ይኼ አልወደቀም» አለ አባቷ።

ለማንም ብሎ አልነበረም የተናገረው። ሥራ ላይ ሲሆን ከዕቃው ጋር ማውራት ልማዱ ነው። በግራ ዓይኑ ላይ የገጠማትን ማጉያ ሳያወልቅ፣ የተፈታውን ሚዛን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ ሆዱን ያያል። ሚዛኑ የትምህርት ቤቱ ነው። በካርቶን ታሽጎ፣ ከላዩ «ወድቆ የተሰበረ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት እኩለ ቀን ላይ መጣ። በከተማው ሚዛን የሚጠግን ሌላ ሰው ስለሌለ፣ የተበላሸ ሚዛን ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚች ጠባብ ሥራ ቤት ውስጥ ነው።

ልጁ ከጠረጴዛው ማዶ ደብተሯን ከፍታ ተቀምጣለች። መቀመጥ ከተባለ ነው። አንድ እግሯ ወንበሩ ላይ ታጥፏል፣ ሌላው መሬቱን ይደልቃል፣ እርሳሷ በጣቶቿ መሃል ይሽከረከራል።

«እንዴት አወቅህ?» አለች። ድምጿ ካሰበችው በላይ ቀጥኖ ወጣ።

«የወደቀ ሚዛን ማዕዘኑ ነው የሚጎዳው። እግሩ ይሰበራል፣ ሽፋኑ ይሰነጠቃል። ይኼ ሽፋኑ ምንም አልሆነም። ውስጡን ግን እይው» አለና በካቻቢቴው ጫፍ አንዲት ቀጭን ብረት ነካ አደረገ። «ክብደቱን የምትሰማው ይቺ ናት። በቀጥታ ወደ ታች ጎብጣለች። ተጭኖበት ነው። ከላይ፣ ቀስ ብሎ፣ ከበድ ያለ ነገር።»

«ምን ዓይነት ነገር?»

«እሱን እንግዲህ ሚዛኑ አይናገርም።»

የሳህኑን ፊት በነጭ ጨርቅ ጠረገው። ጨርቁን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ በአራት አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እሷ ግን ጨርቁ ላይ የቀረውን ቢጫ ወዝ ከተቀመጠችበት አየችው። የፀጉር ቅባት ነው። ጠዋት ጠዋት ከመስታወቱ ፊት ቆማ የምትቀባው፣ ቤቱን ሁሉ የሚያውደው ቅባት። መሬቱን ይደልቅ የነበረው እግሯ ቀጥ አለ።

ነገሩ የተጀመረው በጥያቄ ነው። የእሷ ነገር ሁልጊዜም በጥያቄ ይጀምራል። በክፍሏ ልጆች ዘንድ «ካልኩ» ትባላለች፤ ካልኩሌተር ከሚለው አሳጥረውት ነው። ቁጥር ሲጠሯት መልሱን ትጠራለች፤ አንዳንዴ እንዴት እንደደረሰችበት እንኳ ሳታውቀው። ይኼ «ሳታውቀው» የሚሉት ነገር ግን እንቅልፍ ይነሳታል። ትናንት በምሳ ሰዓት፣ ከጓደኛዋ ጋር የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሳለ እንዲህ አለች፦

«ሦስት መቶ አርባ ሰባት በስልሳ ስምንት ሲባዛ ሃያ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ዘጠና ስድስት ነው። አሁን ነው ያባዛሁት። ከማባዛቴ በፊት መልሱ የት ነበር?»

«ወረፋ ይዞ» አለች ጓደኛዋ። ይቺ ጓደኛዋ ደግሞ «ንፋስ» ነው የምትባለው። አንድ ቦታ ሁለት ደቂቃ ስትቀመጥ ያያት የለም፤ ገብታ ትወጣለች፣ ወጥታ ትገባለች፣ በገባችበት ሁሉ ወረቀት ይበተናል።

«አትቀልጂ። አሁን መልሱ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው አይደል? ቅድም አልነበረም። አንድ ዕቃ ውስጥ ያልነበረ ነገር ከገባበት መክበድ አለበት። ካልከበደ የገባ ነገር የለም ማለት ነው። የገባ ነገር ከሌለ ታዲያ እኔ ያሰብኩት ምንድን ነው?»

«ምሳሽን ስላልበላሽ ነው።»

«ሐሳብ መመዘን አለበት ነው የምልሽ።»

ንፋስ ይኼን ጊዜ ብድግ አለች። ቀልድ እስከሆነ ድረስ ለሳይንስ የማትከፍለው መሥዋዕትነት የለም። «ቤተ ሙከራ ውስጥ ያቺ ግራም እንኳ የማታልፋት ሚዛን አለች አይደል? ተነሺ።»

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ረጅምና ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። በደረት ኪሳቸው ሁልጊዜ አንድ ብልቃጥ ስለማይጠፋ ተማሪው ሁሉ «ጋሽ ብልቃጥ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ። ቁልፍ ለተማሪ መስጠት ክልክል ነው። ይኼን በሩ ላይ በገዛ እጃቸው ጽፈው የለጠፉት እሳቸው ናቸው። ካልኩ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ለመለማመድ ነበር፤ አሥር ደቂቃ» ስትላቸው ግን ጽሑፉን አዩት፣ እሷን አዩ፣ ቁልፉን ሰጧት።

«አንቺ የሚዛን ሰው ልጅ ነሽ፤ ስለ አያያዙ እኔ አልነግርሽም» አሏት።

ሚዛኑ ላይ በቀይ ቀለም «ከሁለት ኪሎ በላይ አይጫንበትም» ይላል። ካልኩ ይኼን ሳታይ ቀርታ አይደለም። እንዲያውም አስባበት ነበር፤ ሌላው ሰው ጽሑፉን አይቶ የማይሠራውን ስህተት እሷ የሠራችውም ስላሰበችበት ነው። የሰው ጭንቅላት ከአራት ኪሎ ተኩል አያንስም። ጭንቅላት ግን እንደ ሐብሐብ ብቻውን አይቀመጥም፤ አንገት ይይዘዋል። አንገቷ ሦስቱን ኪሎ ከያዘው ለሳህኑ የሚተርፈው አንድ ተኩል ነው። ግማሽ ኪሎ ትርፍ አለ። ሒሳቡ እንከን የለውም።

ተንበርክካ ጉንጯን ሳህኑ ላይ አሳረፈችው። ብረቱ ይቀዘቅዛል።

«አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ አርባ» አለች ንፋስ ቁጥሩን እያነበበች። «ባዶ አድርጊው ጭንቅላትሽን። ምንም አታስቢ።»

«እሺ።»

«ስድስት መቶ አርባ፣ ስድስት መቶ ሠላሳ ስምንት፣ ስድስት መቶ አርባ አንድ። በቃ ቆሟል። አሁን አስቢ። ሰባት መቶ ስምንት በሦስት መቶ ሃምሳ ዘጠኝ።»

ካልኩ ዓይኗን ጨፍና ገባችበት። ሰባት መቶ ስምንትን በሦስት መቶ ስልሳ አባዝቶ አንድ ሰባት መቶ ስምንት መቀነስ ይሻላል። ከሩቅ፣ ከሌላ ክፍል እንደሚመጣ ድምፅ፣ ንፋስ ስትንሾካሾክ ሰማች፦ «አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ... እየጨመረ ነው... ካልኩ፣ ስምንት መቶ... እየከበደ ነው እኮ። ሐሳብ ይመዝናል።» ሁለት መቶ ሃምሳ አራት ሺህ አንድ መቶ ሰባ ሁለት ልትል አፏን ስትከፍት ሚዛኑ ረጅም ጩኸት ጮኸ። ቁጥሩ ጠፍቶ ሰረዝ ብቻ ሆነ። ጭንቅላቷን ብድግ ስታደርገው ሰረዙ አልጠፋም። ነቅለው ቢሰኩት፣ ጠፍቶ ቢበራ፣ ያው ሰረዝ ነው።

የገባት ቁልፉን መልሰው ደረጃውን ሲወርዱ ነው። የከበደው ሐሳቡ አልነበረም። ሒሳቡ ውስጥ ስትገባ አንገቷን ረስታው ነበር። ሦስቱን ኪሎ ይሸከምልኛል ያለችው አንገት፣ ባለቤቱ ስትሄድ እሱም ለቀቀ። ታዲያ ያን ጊዜ እኔ የት ነበርኩ? ብላ አሰበች። ማባዛቱ ውስጥ ከነበርኩ፣ ሳህኑ ላይ የነበረው የማን ጭንቅላት ነው? በሌላ ቀን ቢሆን ከንፋስ ጋር ሳምንት የሚያስቅ ጥያቄ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ርዕሰ መምህርቷ ንፋስን አስጠሩ። በምሳ ሰዓት በዚያ ኮሪደር ስትሮጥ ያያት አስተማሪ ነበር። ንፋስ ገብታ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ወጣች፤ ወጥታም ያለችውን ለካልኩ ሳትነግራት፣ «ተገላገልን» ብቻ ብላ ወደ ክፍሏ ሮጠች።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ አባቷ ማጉያውን እንዳደረገ ቀና አለ። ካልኩ ስልኩን ይዛ ወደ በሩ ሄደች፤ ጀርባዋን ለሥራ ቤቱ፣ ፊቷን ለመንገዱ ሰጥታ ቆመች።

«የት ነሽ?» አለች ንፋስ።

«አባዬ ጋ። ሥራ ቤት።»

«መጣ?»

«ተፈቶ ጠረጴዛው ላይ ነው ያለው።»

ንፋስ እንደ ስሟ ነፈሰች። «ስሚኝ። ነገ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት አንቺን ነው የሚጠሩሽ። የምትዪው አጭር ነው። በኮሪደሩ ስናልፍ ጋሽ ብልቃጥ ሚዛኑን ተሸክመው አየን፣ ከእጃቸው አመለጠ፣ ወደቀ። በቃ። ምንም እንዳትጨምሪ። አንቺ መጨመር ትወጃለሽ።»

«እንደዛ ነው ያልሻቸው?»

«ታዲያ ምን ልበል? ጓደኛዬ አናቷን ስትመዝን ነበር ልበል?»

«አባዬ አልወደቀም ብሏል። ተጭኖበት ነው አለ።»

«አቦ አባትሽ ደግሞ» አለች ንፋስ። ሁለት ትንፋሽ ያህል አሰበች። «እሺ። ሳጥን ነው እንላለን። ሳጥን ከእጃቸው አምልጦ ሚዛኑ ላይ አረፈ። ከሩቅ ስለሆነ ሚዛኑ የወደቀ መሰለን። እንዲያውም ይኼ ይሻላል፣ ሰው ሲሳሳት እውነት ይመስላል።»

«ንፋስ፣ ቁልፉን እኮ እሳቸው ናቸው የሰጡን።»

«እሱን አልተናገሩም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ፊቴ ነው የጠየቋቸው። ቁልፉ ማን ጋ ነበር ሲሏቸው፣ እኔ ጋ አሉ። እኔ ጋ፣ በቃ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። እድለኞች ነን እኮ ካልኩ።»

በመንገዱ ላይ አንድ ሰውዬ ብስክሌት እየገፋ አለፈ። የኋላው ጎማ በየዙሩ አንድ ጊዜ ሲጢጥ ይላል። ካልኩ ሲጢጥታዎቹን ቆጠረች። አሥራ አንድ።

«ምን ያደርጓቸዋል?» አለች።

«ከቤተ ሙከራ አንስተው መጋዘን ያስገቧቸዋል አሉ። አይባረሩም፣ አትጨነቂ። ያው ቁልፍ ከቁልፍ ነው።» ከዚያ የንፋስ ድምፅ ዝቅ አለ። «ለማን ብዬ እንደዋሸሁ ግን ታውቂያለሽ አይደል? የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ያለበት ተማሪ ለሒሳብ ውድድሩ አይሄድም። የኔ አናት አልነበረም ሳህኑ ላይ የተኛው። እኔን አይልኩኝም፣ አንቺን ነው የሚልኩሽ። ሙድ አትያዢብኝ እንግዲህ ነገ።»

ተዘጋ።

ካልኩ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሰው ሲጨንቀው ጥፍሩን ይበላል፤ እሷ ሠንጠረዥ ትሠራለች። ባለ ካሬ መስመሩን ደብተር በአንድ መስመር ለሁለት ከፈለችው። በግራ በኩል «እንደ ንፋስ መናገር»፣ በቀኝ በኩል «እንደሆነው መናገር» ብላ ጻፈች። ለእያንዳንዱ ምክንያት ከአሥር ነጥብ ይሰጠዋል፣ ይደመራል፣ የበለጠው ያሸንፋል። ጫማ ስትመርጥም፣ የትኛው ዴስክ ላይ እንደምትቀመጥ ስትወስንም እንዲህ ነው የምታደርገው። ስሜት ይቀያየራል፤ ድምር ግን ድምር ነው።

በግራ፦ ንፋስን ላለማጣት፣ ስምንት። ውድድሩ፣ ሰባት። አባቷን ላለማሳፈር፣ ስድስት። ማንም ስለማያውቅ፣ አምስት።

በቀኝ፦ ጋሽ ብልቃጥ ያለ ጥፋታቸው እንዳይቀጡ፣ ዘጠኝ። ኋላ ሲታወቅ ስለሚብስ፣ ስምንት። ውሸት ስለሆነ፣ ስድስት። እሳቸውን በኮሪደር ሲያገኙ ቀና ብሎ ለማየት፣ አምስት።

ደመረች። ግራው ሃያ ሰባት፣ ቀኙ ሃያ ስድስት። በአንድ ነጥብ። ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረ ነገር የወረደ መሰላት። አንድም ቢሆን ብልጫ ብልጫ ነው፣ አለች በሆዷ። እርሳሷን አስቀመጠች። መልሳ አነሳችው።

ስምንትና ሰባት አሥራ አምስት፣ ስድስት ሃያ አንድ፣ አምስት ሃያ ስድስት። ሃያ ሰባት አይደለም። ዘጠኝና ስምንት አሥራ ሰባት፣ ስድስት ሃያ ሦስት፣ አምስት ሃያ ስምንት። ሃያ ስድስት አይደለም።

የሰባት መቶዎችን ብዜት በጭንቅላቷ የምትሠራ ልጅ አራት ነጠላ ቁጥሮች መደመር አቅቷታል። ያውም ሁለት ጊዜ። ፊቷ ሞቀ፤ ያየ ሰው እንደሌለ ለማረጋገጥ ዞር ዞር አለች።

ሃያ ስድስት ለሃያ ስምንት። ቀኙ ይበልጣል ማለት ነው። እንደገና አየችው። ዘጠኝ ግን አልበዛም? ንፋስም ብላለች፤ አይባረሩም። መጋዘን ደግሞ ከቤተ ሙከራ በምን ያንሳል? እንዲያውም ጸጥ ይላል። ጎበጥ ላለ ሰው ጸጥታ ጥሩ ነው። ዘጠኙን ሰርዛ ስድስት አደረገችው። ቀኙ ሃያ አምስት፣ ግራው ሃያ ስድስት። በአንድ ነጥብ።

ትከሻዋ እንደገና ቀለላት። በዚህ ጊዜ ግን ሲቀልላት አየችው። ከደመረች በኋላ አልነበረም የቀለላት። ላጲሱ ዘጠኙን ሲነካ ነው፤ ስድስት ሳይጻፍ፣ ምንም ሳይደመር።

ብድግ አለች። ሥራ ቤቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሰባት እርምጃ ነው፤ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ሄደች።

«እናትዬ፣ ውሃ ልኩ እየተንቀጠቀጠ ነው» አለ አባቷ። የትምህርት ቤቱን ሚዛን ወደ ጎን አድርጎ አሁን የአንድ አንጥረኛ ሚዛን ይዟል፤ ሁለት ትንንሽ ሳህኖች በክንድ ላይ የተንጠለጠሉበት፣ የወርቅ ቅንጣት የሚመዝን። እንዲህ ዓይነቱን ሲይዝ ሰው በአጠገቡ ሲራመድ እንኳ አይወድም።

ቆመች። «አባዬ፣ ሚዛን ሲሳሳት ያውቃል?»

«ሚዛን ምን ያውቃል። ያስቀመጥሽበትን ይላል።»

«አንተስ በምን ታውቀዋለህ?»

«አንድ ጊዜ በመመዘን አይታወቅም። አንዱን ዕቃ አሥር ጊዜ እመዝነዋለሁ።» ከሣጥኑ ውስጥ ትንሿን የነሐስ መመዘኛ ድንጋይ በወረንጦ አነሳ። በእጅ አይነካትም፤ የጣት ላብ ራሱ ክብደት ነው ይላል። «ያረጀ ሚዛን አንዴ ወደ ላይ ይስታል፣ አንዴ ወደ ታች። እሱ ደክሞታል፤ ታጸጂዋለሽ፣ ዘይት ትሰጪዋለሽ። አሥር ጊዜ መዝነሽው አሥሩንም ወደ አንድ ወገን ከሳተ ግን አልደከመም።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«የሰው እጅ አለበት። ከሳህኑ ሥር ሰም ይለጥፋሉ፣ ክንዱን በሞረድ ይስሉታል። ስህተት በራሱ ወገን የለውም። ወገን ካለው ባለቤት አለው።»

ካልኩ ደብተሩን ከሩቅ አየችው። ግራው በአንድ ጨመረ። ቀኙ በሁለት ቀነሰ። ዘጠኙ በሦስት ወረደ። ሦስት ስህተት፣ ሦስቱም ወደ አንድ ወገን።

የምደምረው እኔ ነኝ፣ አለች በልቧ። ታዲያ እኔ ሳልደምር መልሱን የመረጠው ማን ነው? ትናንት አንገቴን ጥዬ ማባዛቱ ውስጥ ገባሁ፤ ዛሬ ደግሞ ድምሩን ስሠራ አንዱ ከኋላዬ ሰም ይለጥፋል። ስንት ነን እዚህ ውስጥ? ሳቋ ሊመጣ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

«እጁ የማን እንደሆነስ ይታወቃል?» አለች።

አባቷ መልሱን የሰጣት በሥራው ነው። በግራው ሳህን ላይ ሲመዝነው የነበረውን ቀለበት በወረንጦ አንስቶ በቀኙ ላይ አደረገው፤ በቀኙ የነበረውን ድንጋይ በግራው። ክንዱ ተወዛወዘ፣ ቆየ፣ ወደ አንድ በኩል አዘነበለ። «ይኸውልሽ። ቅድም እኩል ነበሩ። ሰውየው ለዓመታት በአንድ ወገን ብቻ እያስቀመጠ ሲመዝን ትክክል ይመስለው ነበር። ቦታ ሳታለዋውጪ አትፈርጂም።»

ተመልሳ ተቀመጠች። አዲስ ገጽ ገለጠች፤ መስመሩን አሰመረች። በዚህኛው ገጽ ላይ የተቀመጠችው እሷ አልነበረችም። ጎበጥ ያሉ፣ ብልቃጥ በኪሳቸው የያዙ ሰው ርዕሰ መምህርቷ ፊት ቆመዋል፤ «ቁልፉ ማን ጋ ነበር?» ተብለዋል። በግራ «ለልጅቷ ሰጥቻት ነበር ማለት»። በቀኝ «እኔ ጋ ማለት»። በግራ በኩል ስንት ነገር አለ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠሩበት ቤተ ሙከራ፣ አሥር። እውነት ነው፣ አሥር። በስማቸው ለሚቀልድ ተማሪ፣ ያውም ሰምተው እንዳልሰሙ ለሚያልፉት፣ ቅጣት አለመቀበል፣ አምስት እንኳ ይገባዋል።

በቀኝ በኩል ምን እንደሚጻፍ አሰበች። ቁልፍ መስጠታቸው እንዳይታወቅ ፈልገው ይሆናል፤ ቢሆን ስንት ነው? ሁለት? መጋዘን መግባት ግን ከዚያ ቅጣት አያንስም። ለምን «እኔ ጋ» አሉ ታዲያ? የሚዛን ሰው ልጅ ብለው ያመኗት ልጅ፣ ከአሥር ስንት ታወጣለች? እርሳሷ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ቁጥር ጠራች፤ ቁጥር አልመጣም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር ጠርታ ዝም ተባለች።

የቀኙን ረድፍ ባዶውን ተወችው።

ስልኩን አነሳችና እዚያው በተቀመጠችበት፣ ሳትነሳ ደወለች። አባቷ የሚሰማ ቢሆንም አልዞረችም።

«ንፋስ፣ ነገ አልልም» አለች።

«ምኑን?»

«ሳጥኑን። የጭንቅላቴን ነገር ነው የምናገረው። ያንቺን አላነሳም። አንቺ ያልሽውን የምታስተካክዪው አንቺ ነሽ።»

«ፎገርሽኝ?»

«አይደለም።»

«አብደሻል እንዴ? ውሸታም ልታስብዪኝ ነው?» የንፋስ ድምፅ ተንቀጠቀጠ፤ ሲንቀጠቀጥ ሰምታው አታውቅም። «ለማን ብዬ ነው የዋሸሁት ካልኩ?»

«ለኔ ብለሽ ነው። አውቃለሁ። ደመርኩት፣ ስምንት ሰጥቼሻለሁ።»

«ስምንት ብቻ?» አለች ንፋስ፤ ከዚያ ዘጋችው።

አባቷ የአንጥረኛውን ሚዛን ወደ ሣጥኑ መልሶ ቆልፎታል። የጥገና ቅጹን አውጥቶ ይሞላል፤ የሚጽፈው ቀስ ብሎ፣ በትልልቁ ነው። የዕቃው ዓይነት፦ የቤተ ሙከራ ሚዛን። ጉዳቱ፦ የውስጥ ብረቱ ጎብጧል። የሚያስፈልገው ጥገና፦ ብረቱን መለወጥ፣ እንደገና ማስተካከል። «የጉዳቱ ምክንያት» የሚለውን መስመር ግን ዘሎታል። እስክሪብቶውን በባዶው መስመር ላይ አጋድሞ አስቀመጠውና ብድግ አለ።

«እጄን ልታጠብ» አለ። «ነገ ጠዋት ወረቀቱን አንቺ ነሽ የምታደርሺልኝ። አትቸኩይ።»

በጓሮ በኩል ቧንቧው ሲከፈት ሰማች። እጅ ለመታጠብ የሚበቃ ውሃ ወረደ። ከዚያም ወረደ። አባቷ ውሃ ሲባክን የማይወድ ሰው ነው።

ነጩ ጨርቅ በአራት እንደታጠፈ እዚያው አለ። እስክሪብቶውን አነሳች። መስመሩ ጠባብ ነበር፤ ጽሑፏን አሳንሳ ጀመረች፦

«የተማሪ ጭንቅላት። ከአራት ኪሎ ተኩል አያንስም። ከሁለት ኪሎ በላይ እንደማይጫንበት ታውቅ ነበር፤ አንገቷ ይይዘዋል ብላ ነው። እያሰበች ስለነበር አንገቷን ረሳችው።»

ስለ ቁልፉ ልትጽፍ «ቁልፉን» ካለች በኋላ ቆመች። እሱ የሳቸው ነው። እሳቸው ሳይሰሙት ወረቀት ላይ መውጣት የለበትም። ቃሉን ሰረዘችው። ነገ ከርዕሰ መምህርቷ ቢሮ በፊት ቤተ ሙከራው አለ፤ በሩ ላይ ያ ጽሑፍ ተለጥፎበታል። መጀመሪያ እሱን ታንኳኳለች።

ከታች ስሟን ጻፈች። ካልኩ ብላ አይደለም፤ ሙሉ ስሟን፣ ከአባቷ ስም ጋር።

ቧንቧው ተዘጋ። አባቷ እጁን በሱሪው እየጠረገ ገባ፣ ማጉያውን ሳይሆን መነጽሩን አድርጎ ቅጹን አነበበ። አንድ ጊዜ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። የራሱ ስም ጋ ሲደርስ ጣቱ ትንሽ ቆየ።

«‹እያሰበች› የሚለው ለጥገናው አያስፈልግም» አለ።

«ላጥፋው?»

አባቷ አሰበ። «ይቆይ» አለ። «ምክንያቱ እሱ ነው።»

ማኅተሙን ቀለሙ ላይ ጫን ጫን አድርጎ ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። ስልኩ በዚያው ቅጽበት ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ከንፋስ ነው፤ አንዲት መስመር፦ «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?»

አኩርፋ ልትሸሻት ይሆናል። መንገድ ላይ ጠብቃ ልታስቀራት ይሆናል። አብራት ልትገባም ይሆናል። እርሳሷ አጠገቧ ነበር፣ ደብተሩም በባዶው ገጽ ላይ እንደተከፈተ። ካልኩ ደብተሩን ዘጋችና ሰዓቱን ጻፈችላት።